ውድ ዕቃ በኢንተርኔት ሲሸጥ፦ መንገድ ላይ ቢጎዳ ማን ይከፍላል?

የዛሬው ዝግጅታችን ውድ የእጅ ሰዓት፣ ስመ ጥር የቆዳ ቦርሳ ወይም ጌጣጌጥ በኢንተርኔት እየሸጡ ኑሯቸውን ለሚደጉሙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አሜሪካ ካሉት ወገኖቻችን መካከል ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን ይህን ንግድ የያዙ አሉ። ትርፉ ደህና ነው። ሆኖም አንድ ጥቅል ተጎድቶ ከደረሰ የብዙ ሽያጭ ትርፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ደግሞም ብዙ ሻጭ ገንዘቡን የሚያጣው ዕቃው በመሰበሩ ብቻ አይደለም፤ ከተሰበረ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በሚያደርገው ወይም ሳያደርግ በሚቀረው ነገር ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እህት 3,200 ዶላር የሚያወጣ የእጅ ሰዓት ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ቴክሳስ ለሚኖር ገዢ ሸጠች እንበል። ሰዓቱ ከእጇ ሲወጣ ይሠራ ነበር። ገዢው ሲከፍተው ግን መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ደቂቃ ቆጣሪውም ወልቋል። ገዢው ፎቶ አንስቶ «ዕቃው እንደተገለጸው ሆኖ አልደረሰኝም» ሲል የመመለሻ ጥያቄ ያቀርባል። ሻጯ ደግሞ በንዴት «እኔ ደህና አድርጌ ነው የላክሁት፤ የሰበረው ፖስታ ቤቱ ነው፤ ካሳውን ከሱ ይጠይቅ» ብላ ትመልሳለች።

ይህ መልስ ሲሰሙት እውነት አለው። ሰዓቱን የሰበረችው እሷ አይደለችምና። ግን ያከስራታል። ምክንያቱም እዚህ ላይ ያሉት ጉዳዮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሻጭና በገዢ መካከል ያለ የገንዘብ መመለስ ጉዳይ ነው፣ ሌላው በላኪና በአጓጓዥ መካከል ያለ የካሳ ጉዳይ ነው። ዳኛቸው ይለያያል፣ የሚጠይቁት ማስረጃ ይለያያል፣ የጊዜ ገደባቸውም ይለያያል። ሻጩ ሁለቱን ሲያደባልቅ በሁለቱም ይረታል። የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነገር ይኸው ነውና በደንብ እንየው።

መጀመሪያ ከገዢው ጋር ያለውን እንመልከት። በአሜሪካ የንግድ ሕግ ሻጩ ዕቃውን ለአጓጓዥ ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ የጉዳቱ ኃላፊነት ወደ ገዢው የሚዞርበት የሽያጭ ዓይነት አለ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሻጮች በሱ ይከራከራሉ። ነገር ግን በኢቤይ ስትሸጡ በኢቤይ ደንብ ለመገዛት ተስማምታችኋል፤ ደንቡ ደግሞ ገዢውን በግልጽ ይጠብቃል። ተጎድቶ የደረሰ ዕቃ እንደተገለጸው ያልሆነ ዕቃ ተደርጎ ይቆጠራል። ገዢው ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። ሻጩ መልስ እንዲሰጥ ያለው ጊዜ 3 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ገዢው ኢቤይ ራሱ ገብቶ እንዲወስን መጠየቅ ይችላል። የመመለሻው የማጓጓዣ ዋጋም የሚወድቀው ሻጩ ላይ ነው።

ማስታወቂያችሁ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብላችሁ ብትጽፉስ? አይጠቅማችሁም። ያ ጽሑፍ የሚሠራው ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ «አልፈለግሁትም» ሲል ነው። ዕቃው ተሰብሮ ወይም ከተገለጸው የተለየ ሆኖ ከደረሰ ኢቤይ ለገዢው የሚሰጠው የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና ከእናንተ ጽሑፍ በላይ ነው።

ስለዚህ ያቺ የሲልቨር ስፕሪንግ እህት ከገዢው ጋር በምታደርገው ክርክር የማሸነፍ ዕድሏ የመነመነ ነው። ገንዘቧን የምታስመልሰው ከአጓጓዡ ነው፤ ያንን ለማድረግ ደግሞ የገዢው ትብብር ያስፈልጋታል። በንዴት የጻፈችው መልስ ያሳጣት ይህንኑ ትብብር ነው። ከሁሉም በላይ የማሳስባችሁ እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳት የደረሰበት ገዢ ጠላታችሁ አይደለም፣ ዋናው ምስክራችሁ ነው። የተጨፈለቀውን ካርቶን በዓይኑ ያየው እሱ ብቻ ነውና።

አጓጓዦች ካሳ ሲጠየቁ ዕቃውን ብቻ አያዩም። ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ ነው። የውጪው ካርቶን ተቀጥቅጧል ወይስ ደህና ነው? ውስጡ ምን ያህል መከላከያ ነበረው? ዕቃው ከካርቶኑ ግድግዳ ጋር ይነካካ ነበር? ካርቶኑ ከተጣለ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለም፤ መልስ በሌለበት ደግሞ «አስተሻሸጉ ደካማ ነበር» የሚለው ምክንያት በቀላሉ ይመጣል። ስለዚህ የገዢው መልእክት እንደደረሳችሁ የመጀመሪያው ምላሻችሁ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ በደረሰው ጉዳት ማዘናችሁን ግለጹ፣ ገንዘቡ እንደማይጠፋበት አረጋግጡለት፣ ከዚያም ካርቶኑን፣ የውስጡን ወረቀትና ስፖንጅ፣ አድራሻው የተለጠፈበትንም ጎን ሳይጥል እንዲያቆይ፣ ካርቶኑንም ከስድስቱም ጎን ፎቶ እንዲያነሳ በትሕትና ጠይቁት። ይህን ሁሉ የምትጻጻፉት በመገበያያው የመልእክት ሳጥን እንጂ በስልክ ወይም በዋትስአፕ አይሁን። ኢቤይ ሲዳኝ የሚያነበው እዚያ ያለውን ነው።

አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ አለ። ኢቤይ ሻጩ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠብቃል፤ አጓጓዡ ደግሞ ዕቃውንና ማሸጊያውን እስኪመረምር እንዳለ እንዲቆይ ይፈልጋል። ሻጩ ቸኩሎ «መልሰህ ላክልኝ» ሲል ገዢው ሰዓቱን በሌላ አዲስ ካርቶን አሽጎ ይልከዋል፤ የመጀመሪያው ካርቶንም ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጉዳቱ በሄደበት መንገድ ይድረስ በተመለሰበት መንገድ መለየት አይቻልም። መፍትሔው የመመለሻ ጥያቄውን በጊዜው መቀበልና በዚያው መልእክት ላይ ዕቃው ከነመጀመሪያው ካርቶንና መከላከያው፣ ፎቶዎቹ ከተነሱ በኋላ፣ በሌላ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ሆኖ እንዲመለስ መጠየቅ ነው። የተጨማሪውን ካርቶን ዋጋ እናንተ ክፈሉ። ከመላኩ በፊት ለአጓጓዡ ማመልከቻችሁን አስገቡና ምርመራ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

በአሜሪካ ፖስታ ቤት በኩል የተላከ ኢንሹራንስ ያለው ዕቃ ከተጎዳ ማመልከቻው ዕቃው ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ልብ አድርጉ፣ የሚቆጠረው ከደረሰበት ቀን ሳይሆን ከተላከበት ቀን ነው። ላኪም ተቀባይም ማመልከት ይችላሉ፤ ስለዚህ ማን እንደሚያመለክት በጽሑፍ ተስማሙ። ሻጩ ገንዘቡን መልሶ ገዢው ደግሞ ካሳውን ቢቀበል ሌላ ጠብ ነው። ማመልከቻው ላይ የኢንሹራንሱ ደረሰኝ፣ የዕቃውን ዋጋ የሚያሳይ ማስረጃና የጉዳቱ ፎቶ ይያያዛል። ሰዓቱ የሚጠገን ከሆነ የሰዓት ባለሙያ የጻፈው የጥገና ዋጋ ግምት ያስፈልጋል፤ ጥገናው ከዕቃው ዋጋ ካነሰ የሚከፈለው የጥገናው ነውና። ያገለገለ ዕቃ ከሆነም በእርጅናው ልክ ይቀነሳል። ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። በመጀመሪያው «አይቻልም» ተስፋ ቆርጠው የሚተዉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ ይግባኝ መብት ነው፣ የሚጠይቀውም ጊዜና ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1958 የኒው ዮርኩ የጌጣጌጥ ነጋዴ ሃሪ ዊንስተን ሆፕ የተባለውን 45.52 ካራት የሚመዝን ሰማያዊ አልማዝ ዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚዝሶኒያን ተቋም አበረከተ። አልማዙን የላከው በታጠቀ ዘበኛ አይደለም፤ በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ በአደራ ፖስታ፣ አሜሪካኖች ሬጂስተርድ ሜይል በሚሉት፣ ነው። ለመላኪያ የከፈለው በጠቅላላ 145.29 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ የፖስታው ዋጋ 2.44 ዶላር ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ የ1 ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ነው። በሙያው የበሰለ ነጋዴ ገንዘቡን የት ላይ እንዳዋለ ተመልከቱ።

ያ አገልግሎት ዛሬም አለ። በአደራ ፖስታ የሚሄድ ጥቅል ከእጅ ወደ እጅ በፊርማ ይተላለፋል፤ እስከ 50,000 ዶላርም ኢንሹራንስ ይገባለታል። የካርቶኑ መገጣጠሚያዎች በወረቀት ፕላስተር መታሸግ አለባቸው፤ ምክንያቱም ፖስታ ቤቱ መገጣጠሚያው ላይ ማኅተም ስለሚመታ ቀለሙን የማይቀበል የላስቲክ ፕላስተር አይፈቀድም። ጉዞው ዘገምተኛ ነው፤ ለገዢው አስቀድማችሁ ንገሩት። ፕራዮሪቲ ሜይል የሚባለው የተለመደው አገልግሎት ግን በዋጋው ውስጥ ያካተተው ኢንሹራንስ 100 ዶላር ብቻ ነው፤ ተጨማሪ እየከፈሉ እስከ 5,000 ዶላር ማድረስ ይቻላል። የ3,200 ዶላር ሰዓት ተጨማሪ ሳይከፈልበት ከተላከ 3,100 ዶላሩ መንገድ ላይ የሚሄደው ያለ ጠባቂ ነው።

በፌዴክስና በዩፒኤስ በኩል ያለውን ደግሞ ብዙ ሰው በስህተት ይረዳዋል። ላኪው የዕቃውን ዋጋ ሲያስመዘግብ ኢንሹራንስ የገዛ ይመስለዋል። የተመዘገበው ዋጋ ግን ኩባንያው በኃላፊነት የሚጠየቅበትን ጣሪያ ከፍ ያደርጋል እንጂ የኢንሹራንስ ውል አይደለም። ጣሪያውም ለሁሉም ዕቃ እኩል አይደለም። ፌዴክስ ጌጣጌጥንና የእጅ ሰዓትን የመሳሰሉ ውድ ዕቃዎች ላይ የሚቀበለው ትልቁ የተመዘገበ ዋጋ 1,000 ዶላር ነው። እንግዲህ የ3,200 ዶላሩን ሰዓት በፌዴክስ የሚልክ ሰው ለጌጣጌጥና ለሰዓት ኢንሹራንስ ከሚሸጥ ከሌላ ኩባንያ ውል መግዛት አለበት። ኩባንያዎቹ ደንባቸውን ስለሚያሻሽሉ ከመላካችሁ በፊት የወቅቱን የአገልግሎት ደንብ አንብቡ።

አስተሻሸጉን በአጭሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና። ዕቃው በትንሽ ካርቶን፣ ትንሹ ካርቶን ደግሞ በትልቅ ካርቶን ውስጥ ይሁን፤ በሁለቱ መካከል በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር መከላከያ ይሞላበት። ካርቶኑን አንስታችሁ ስትነቀንቁት ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ እንደገና ክፈቱት። ቦርሳ ከሆነ ቅርጹ እንዳይሰበር ሆዱን በለስላሳ ወረቀት ሙሉት፤ የብረት ሰንሰለቱን ለብቻው ጠቅልሉት፣ ካልሆነ በየመንገዱ እየተንቀሳቀሰ ቆዳውን ሲቧጭር ይሄዳል። የሚያብረቀርቅ ቆዳ ላይ አረፋ ያለውን ላስቲክ በቀጥታ አታሳርፉ፤ የአረፋው ቅርጽ ቆዳው ላይ ሊቀር ይችላል። «ተሰባሪ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ክፋት የለውም፣ ግን መከላከያን አይተካም። የዕቃውን ስም ወይም የታዋቂውን ኩባንያ ምልክት ግን ከውጪ አታሳዩ፤ ሌባ ትጠራላችሁ። ሽቶ የምትሸጡ ካላችሁ፣ አልኮል ያለበት ሽቶ ተቀጣጣይ ተብሎ የተመደበ ነው፤ በአሜሪካ ፖስታ ቤት በአገር ውስጥ በየብስ ብቻ ይሄዳል፣ ወደ ውጭ አገር መላክ ክልክል ነው።

ስታሽጉ ደግሞ ቅረጹ። የዕቃው መለያ ቁጥር በግልጽ እየታየ፣ ሰዓት ከሆነ እየሠራ፣ ካርቶን ውስጥ ሲገባ፣ ሲታሸግ፣ አድራሻው ሲለጠፍ ሳይቋረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ይኑራችሁ። ጥቅሉን በአካል ፖስታ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑና ደረሰኝ ተቀበሉ። ክብደቱ ደረሰኙ ላይ ይሰፍራል። ይህ ትንሽ ቁጥር ገዢው «ባዶ ካርቶን ነው የደረሰኝ» ሲል ወይም በእውነተኛው ቦርሳ ፋንታ ርካሽ ቅጂ ሲመልስ ትልቅ ማስረጃ ይሆናል። የተመለሰ ዕቃ ሲመጣም የምትከፍቱት እየቀረጻችሁ ይሁን። ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ በኢቤይ ስትልኩ የተቀባይ ፊርማ ግዴታ ነው፤ የክፍያ አገልግሎቱ ፔይፓልም ሻጩን «አልደረሰኝም» ከሚል ክስ ለመጠበቅ ከ750 ዶላር ጀምሮ ፊርማ ይጠይቃል። ፊርማው ዕቃው መድረሱን እንጂ ደህና ሆኖ መድረሱን እንደማያሳይ ግን አትርሱ።

ጉዳት ብቻም አይደለም ክርክር የሚያስነሳው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ በሰፊው የተወራ አንድ ጉዳይ ነበር። አንዲት ሻጭ አሮጌ የፈረንሳይ ቫዮሊን በ2,500 ዶላር ለካናዳ ገዢ ሸጠች። ገዢው ቫዮሊኑ ላይ ባለው መለያ ትክክለኛነት ላይ ጥያቄ አነሳ። ፔይፓል ገንዘቡ እንዲመለስ ወሰነ፤ ከዚያም አልፎ በወቅቱ በነበረው ደንብ መሠረት ገዢው ቫዮሊኑን እንዲያጠፋው አደረገ። ሻጯ ገንዘቧንም ዕቃዋንም አጣች፤ የደረሳት የተሰባበረው ቫዮሊን ፎቶ ነው። ቫዮሊኑን አስቀድማ በባለሙያ አስመርምራው ነበር። ይህ ከባድ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ገበያው ተለውጧል። ኢቤይ ከ2020 ጀምሮ ውድ ሰዓቶችን፣ በኋላም ጫማዎችንና ቦርሳዎችን ገዢው ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት በባለሙያ ያስመረምራል፤ ዕቃው ሲመለስም በዚያው ባለሙያ በኩል ያልፋል። ይህ ለሐቀኛ ሻጭ ትልቅ ከለላ ነው፤ ዕቃችሁ ለዚህ ምርመራ የሚበቃ ከሆነ በሌላ መንገድ አትሽጡት።

ክፍያን በተመለከተ፣ በፔይፓል የከፈለ ገዢ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ድረስ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በክሬዲት ካርድ የከፈለም ባንኩ ገንዘቡን እንዲያስመልስለት መጠየቅ ይችላል፤ መገበያያው ለእናንተ የፈረደ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ፎቶውንና ደረሰኙን ቢያንስ ግማሽ ዓመት አቆዩ። በማኅበረሰባችን ዘንድ የተለመደው ደግሞ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ታይቶ በዜል መክፈል ነው። ዜል ለገዢው የግዢ ዋስትና አይሰጥም፤ በፔይፓልም ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚለው በኩል የተላከ ገንዘብ እንዲሁ ነው። በዚህ መንገድ የምትሸጡ እህቶችና ወንድሞች፣ ገዢያችሁ በእናንተ ሐቀኝነት ላይ ብቻ ነው የቆመው። ዕቃው ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል ገንዘቡ ከመላኩ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ፤ ኢንሹራንሱንም በዋጋው ውስጥ አስቡት።

አውሮፓ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነጋዴ የሆነ ሻጭ ዕቃው በሸማቹ እጅ እስኪገባ ድረስ በመንገድ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በኢንተርኔት የገዛ ሸማችም በአብዛኛው ዕቃ ላይ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት የመመለስ መብት አለው። በግሉ የራሱን ቦርሳ ለሚሸጥ ሰው ይህ አይሠራም። በሥራ መልክ እየገዛ የሚሸጥ ሰው ግን «እኔ ግለሰብ ነኝ» ማለቱ አያድነውም።

ወደ ኢትዮጵያ በአየር ጭነት የምትልኩም አላችሁ። ኢትዮጵያም አሜሪካም አባል የሆኑበት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አየር መንገዱ በጭነት ላይ የሚጠየቅበትን ካሳ በክብደት ይወስነዋል። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ሲሆን 26ቱ ከ40 ዶላር በታች ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን የ2,000 ዶላር ቦርሳ ዋጋው በተለይ ተመዝግቦ ተጨማሪ ካልተከፈለበት የሚያስገኘው ካሳ ያው ነው። የጉዳት አቤቱታውም ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። አዲስ አበባ የሚቀበልላችሁ ዘመድ ጭነቱን ሲረከብ እዚያው ከፍቶ እንዲያይና ጉዳት ካለ ሳያስመዘግብ እንዳይወጣ ዛሬውኑ ንገሩት።

አድማጮች ሆይ፣ በዚህ ሰዓት ተጎድቶ የደረሰ ዕቃ ጉዳይ በእጃችሁ ካለ ይህ ዝግጅት ሲያልቅ ደረሰኛችሁን አውጡ። የተላከበትን ቀን ተመልከቱ፣ በአሜሪካ ፖስታ ቤት የተላከ ከሆነ 60ኛው ቀን መቼ እንደሚሞላ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉ፣ ለገዢውም ካርቶኑን እንዳይጥል ዛሬ ማታ መልእክት ላኩለት።